የሲቢ አንቴናው ይቆረጥ ወይስ አይቆረጥ? በጭነት መኪና ላይ ኤስደብሊውአር አልወርድ ሲል

ጥያቄ፦ «አይሱዙ ኤንፒአር ላይ ሲቢ ሬዲዮ (መኪና ከመኪና የሚያነጋግር ሬዲዮ) አስገጥሜ ከሌላ መኪና ጋር ተከታትለን ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት እንመላለሳለን። አንቴናው 1.2 ሜትር ነው፤ ከታች ኮይል አለው፤ በር ላይ ባለው የስፖኪዮ ክንድ ታስሯል። ደብረ ብርሃን ላይ ኤስደብሊውአር (ከአንቴናው ተመልሶ የሚመጣውን ኃይል የሚያሳየውን ቁጥር፤ ወደ 1 ሲጠጋ ጥሩ ነው) ስለካው ቻናል 1 ላይ 2.9፣ ቻናል 20 ላይ 2.4፣ ቻናል 40 ላይ 2.1 ያሳያል። ጣርማበር ጉም ውስጥ ስገባ ከ3 ያልፋል። የተረፈውን ኬብል ጠቅልዬ ከወንበር ጀርባ አስሬዋለሁ። ሬዲዮው ኃይል የሚያገኘው ከአንደኛው ባትሪ ነው። ሰዎች አንቴናውን 2 ሳንቲ ሜትር ቁረጠው ይሉኛል። ልቁረጠው?»

መልስ፦

አትቁረጠው ወንድሜ። የላክኸው ልክ ራሱ «አጥሬያለሁ» እያለ ነው። ሲቢ ከ26.965 ሜጋኸርዝ (ቻናል 1) እስከ 27.405 ሜጋኸርዝ (ቻናል 40) ይሄዳል። ፍሪኩዌንሲው ዝቅ ሲል ሞገዱ ይረዝማል፤ ስለዚህ ከሁሉም ረጅሙን ዘንግ የሚፈልገው ቻናል 1 ነው። ያንተ ንባብ ወደ ቻናል 40 በተጠጋ ቁጥር ይሻላል። ይህ ማለት አንቴናው የሚስማማው ከቻናል 40ም በላይ ካለ ፍሪኩዌንሲ ጋር ነው። 2 ሳንቲ ብትቀንስለት ጭራሽ ሽቅብ ይሸሻል፤ ቻናል 40ም ተከትሎ ይበላሻል። የተቆረጠ ዘንግ ደግሞ አይቀጠልም።

ንባቡ ተገልብጦ ቻናል 40 ከቻናል 1 ቢበልጥ ኖሮ ረዝሟል እንል ነበር። በሁሉም ቻናል ከ3 በላይ ከሆነ የርዝመት ነገር አይደለም፤ ሾርት ወይም የተበጠሰ ነገር አለ።

እንዲህ ስላልኩ ግን ዛሬውኑ አስረዝመው ማለቴ አይደለም። ሁለት ነገር ያጠራጥራል። አንደኛ፣ በ40ውም ቻናል ላይ አንድም ጊዜ ከ2 በታች አልወረደም። ሁለተኛ፣ ጉም ሲነካው ይዘላል። ዘንግ በጉም አያጥርም። እነዚህ ሁለት ምልክቶች አንድ ላይ ሲመጡ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከዘንጉ በታች ነው፦ ማሳው (አንቴናው ከመኪናው ብረት ጋር ያለው ግንኙነት) ላይና የኬብሉ ማገናኛ ላይ። ማሳው ሳይስተካከል ርዝመት መለካት በከንቱ መድከም ነው፤ ማሳው ሲታሰር ንባቡ ሁሉ ቦታውን ይቀይራልና።

ማሳው ለምን ይህን ያህል ወሳኝ ሆነ? በ27 ሜጋኸርዝ ሙሉው ሞገድ 11 ሜትር ገደማ ነው፤ ሩብ ሞገድ ዘንግ 2.7 ሜትር አካባቢ ይሆናል። ኮይሉ ያንን ወደ 1.2 ሜትር አሳጠረልህ እንጂ የአንቴናው ሌላኛው ግማሽ የመኪናው ብረት ነው። ብረቱ ካልተገናኘ ጎዶሎው አንቴና የኬብሉን ሺልድ (የመሐሉን ሽቦ የከበበውን ጉንጉን) እንደ ሁለተኛ ዘንግ መጠቀም ይጀምራል። ያን ጊዜ ኬብሉን ስትነካው፣ በሩን ስትከፍት፣ ማይኩን ከእጅ ወደ እጅ ስትቀይር መርፌው ይንቀሳቀሳል።

አሁን የስፖኪዮውን ክንድ ጠጋ ብለህ እየው። ክንዱ ቀለም ተቀብቷል፤ የአንቴናው መያዣ የተቀመጠው ቀለሙ ላይ ነው። ክንዱ በሩ ላይ ሲታሰር ከስሩ ብዙ ጊዜ ጎማ ወይም ፕላስቲክ ይገባበታል። በሩ ከጋቢናው ጋር የሚገናኘው ግሪስ በጠጣ ማጠፊያ ነው። ጋቢናው ራሱ ወደ ፊት የሚገለበጥ ስለሆነ ሻንሲው ላይ የተቀመጠው በጎማ ትራስ ነው። ከአንቴናው ስር እስከ ሻንሲ ድረስ አራት ቦታ ላይ ብረት ከብረት ሊለያይ ይችላል ማለት ነው። ቡሎኑ ጠብቋል ማለት ኤሌክትሪክ ያልፋል ማለት አይደለም።

ቴስተርህን ኦም ላይ አድርገህ መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች እርስ በርስ አነካካና የራሱን ንባብ ያዝ፤ ከሚመጣው ልክ ላይ ትቀንሰዋለህ። ከዚያ አንዱን ጫፍ አንቴናው የተቀመጠበት የመያዣ ብረት ላይ፣ ሌላውን የጋቢናው ባዶ ብረት ላይ አድርግ። ከ0.5 ኦም በታች ከሆነ ደህና ነው። 3 እና 4 ኦም ካሳየ፣ ወይም በሩን ከፍተህ ስትዘጋ ቁጥሩ ከዘለለ ጥፋተኛው ተገኘ። ቀጥሎ ጋቢናውን ከሻንሲው፣ ሻንሲውን ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር በተመሳሳይ መንገድ ለካ።

ማስተካከያው እንዲህ ነው። መያዣው የሚቀመጥበትን የክንዱን ክፍል በብርጭቆ ወረቀት ነጭ ብረት እስኪታይ ፋቀው፤ መያዣውን መልሰህ በጥርስ ሮንዴላ እሰር፤ ከላይ ቀጭን ግሪስ ቀባው፣ ዝገት እንዳይጀምር። ከዚያ ከመያዣው ቡሎን እስከ በሩ ብረት፣ ከበሩ እስከ ጋቢናው፣ ከጋቢናው እስከ ሻንሲው ጠፍጣፋ ጉንጉን የመዳብ ሽቦ ዘርጋ። ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ስፋት ይበቃል። ገበያ ላይ ካጣኸው ከአሮጌ ወፍራም የአንቴና ኬብል ሺልዱን ገፍፈህ አውጣና ጠፍጥፈው፤ ጫፎቹን በካውያና በሊድ ደፍነህ የቡሎን ቀዳዳ ያለው ተርሚናል አድርግባቸው። ተራ ቀጭን የመብራት ሽቦ አትጠቀም። ቴስተሩ ላይ ዜሮ ኦም ቢያሳይህም በዚህ ፍሪኩዌንሲ ረጅምና ቀጭን ሽቦ እንደ ኮይል ነው የሚሠራው። አጭርና ሰፊ ይሁን፤ በሩ እንደ ልብ እንዲከፈት የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ትርፍ ተውለት።

እዚያው እያለህ የአንቴናውን ቡሎን ከመያዣው የሚለየውን የፕላስቲክ ሮንዴላ አውጥተህ እየው። ይህች ትንሽ ዕቃ ከተሰነጠቀች፣ ተጨፍልቃ ከሳሳች ወይም ተገልብጣ ከተገጠመች ሲግናሉ ቀጥታ ወደ ማሳ ይወርዳል። ደረቅ ሲሆን የያዘች የምትመስል ስንጥቅ ጭቃና ውሃ ሲሞላባት ማሳለፍ ትጀምራለች። ከጣርማበር ወደ መሐል ሜዳ እንደሚገባው መንገድ ያለ ንዝረት በበዛበት ቦታ የሚነዳ መኪና ላይ ዳዶው ይላላል፤ ሰው ደግሞ አብዝቶ ያጠብቀዋል፤ ፕላስቲኩ የሚፈነዳው ያኔ ነው። ስፕሪንግ ሮንዴላ ጨምርበት እንጂ በጉልበት አታጥብቀው።

ወደ ጉሙ እንምጣ። እርጥበት ብቻውን ዘንጉን ቢያርሰው ንባቡ በትንሹ ይነቃነቃል እንጂ ከ2.4 ተነስቶ 3ን አያልፍም። ውሃ የሆነ ቦታ ገብቷል። የት እንደገባ ለማወቅ ጣርማበር ድረስ መውጣት አያስፈልግም። ደብረ ብርሃን ላይ፣ ፀሐይ ባለበት ሰዓት፣ መኪናውን አቁመህ መለኪያውን ቻናል 20 ላይ አዘጋጅ። ረዳትህ ክዳኑን በሳው ሃይላንድ ውሃ ይያዝ። መጀመሪያ ኮይሉ ላይ ብቻ ያፍስስ፤ ፈቀቅ ይበልና አንብብ። ቀጥሎ መያዣው ላይ፤ አንብብ። ቀጥሎ ኬብሉ ከመያዣው ጋር የሚገናኝበት ኮኔክተር ላይ፤ አንብብ። መጨረሻ ላይ ኬብሉ በበሩ ጎማ ስር የሚያልፍበት ቦታ። መርፌው የዘለለው የቱ ላይ እንደሆነ ታውቃለህ። አንድ ላይ አታፍስሱት፤ ያኔ ምንም አትማርም።

ኮኔክተሩ ሆኖ ከተገኘ ፈትተህ ውስጡን እይ። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ካለ ውሃ ገብቷል። ውሃ በሺልዱ ጉንጉን ውስጥ፣ ዘይት በክር እንደሚሳብ እየተሳበ ወደ ውስጥ ይጓዛል፤ ስለዚህ ጫፉን ብቻ ማጽዳት አይበቃም። የላይኛውን ፕላስቲክ እየገፈፍክ መዳቡ እስኪያበራ ድረስ ቁረጥ፤ 20 ሳንቲ ሜትርም ሊወስድ ይችላል። ከዚያ በላይ ከጠቆረ ኬብሉን ቀይረው። አዲሱን ፒኤል-259 ኮኔክተር ስትገጥም የመሐሉን ፒን በሊድ ሙላ፤ ሺልዱንም በጎን ባሉት ቀዳዳዎች በኩል በሊድ አስይዘው። ብዙ ሰው የመሐሉን በይዶ ሺልዱን በመጠቅለል ብቻ ይተወዋል፤ ያ ከጊዜ በኋላ ላልቶ ይመጣልሃል።

ስትሸፍነው በናስትሮ ብቻ አትመን፤ ሸዋ ሮቢት ቆላ ሙቀት ላይ ሙጫው ይቀልጣል። ከስር ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቀደደ ቀጭን ጎማ ወጥረህ ጠቅልልበት፤ ከላይ ናስትሮ። ጥቅሉን ከታች ጀምረህ ወደ ላይ ውጣ፤ የላይኛው የታችኛውን ይሸፍነውና ውሃው ይንሸራተታል። ሲሊኮን ልጠቀም ካልክ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን ተው፤ መዳብ ይበላል። ኬብሉ ወደ ጋቢና ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ትንሽ ተንጠልጥሎ ይውጣ፤ ጠብታው እዚያ ይፍሰስ።

ስለ ኬብሉ አንድ ሁለት ነገር። አርጂ-58 ወይም ሌላ ባለ 50 ኦም መሆኑን ላዩ ላይ ከተጻፈው አረጋግጥ። የዲሽ ኬብል (አርጂ-6) 75 ኦም ነው፤ ሱቅ ውስጥ «የአንቴና ኬብል ነው፣ አንድ ነው» ቢሉህ አትቀበል። አንቴናውን ፈትተህ ኬብሉን ብቻውን ስትለካው ፒን ከፒን ዜሮ፣ ሺልድ ከሺልድ ዜሮ፣ ፒን ከሺልድ ደግሞ ምንም ማሳየት የለበትም። አንቴናው እንደተገጠመ ፒንና ሺልድ ተገናኝቶ ቢያሳይህ ወዲያው አትደንግጥ፤ አንዳንዱ ባለ ኮይል አንቴና ሲሠራ ጀምሮ እንደዚያ ነው። አንቴናውን ሳትፈታ ሾርት ነው ብለህ አትፍረድ።

ትርፉን ኬብል ጠባብ አድርጎ መጠቅለል ጥሩ አይደለም። ከ30 ሳንቲ ባላነሰ ሰፊ ዙር ተወው ወይም ከወንበሩ ስር ዘርጋው። «ሲቢ የግድ 5.5 ሜትር ኬብል ይፈልጋል» የሚለው ወሬ ግን አያስጨንቅህ። ማሳው የያዘና የተስተካከለ አንቴና የኬብል ርዝመት ብዙም አይገደውም። ይህን ለፈተና ልትጠቀምበት ትችላለህ፦ በሬዲዮውና በኬብሉ መሐል 1 ሜትር ተጨማሪ ባለ 50 ኦም ኬብል አስገባ። ንባቡ እዚያው ከቆየ ማሳህ ደህና ነው። ከ2.1 ወደ 1.6 ወይም ወደ 2.7 ከሄደ ኬብሉ አንቴና ሆኖ እየሠራ ነው፤ ወደ ጉንጉን ሽቦው ተመለስ።

ይህ ሁሉ ሲያልቅ ነው ርዝመት የሚነካው። መለኪያ ቦታ ምረጥ። ነዳጅ ማደያ ጣሪያ ስር፣ ቆርቆሮ አጥር አጠገብ፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦ በታች፣ ከሌላ መኪና ጎን አይሆንም። ከከተማው ወጣ ብሎ ዙሪያው ቢያንስ አሥር ሜትር ያህል ክፍት የሆነ ሜዳ ይበቃል። በሮቹ ይዘጉ፤ ረዳትህ ከአንቴናው ይራቅ። የካሶኒው ሸራና የብረት ቅስቱ ሁልጊዜ ስትነዳ እንዳለው ይሁን፤ ቅስቱ ከአንቴናው ጋር ትይዩ ከቆመ ንባቡን ይቀይረዋልና። የዘንጉ ቢያንስ የላይኛው ግማሽ ከጋቢናው ጣሪያ በላይ መውጣት አለበት። ኮይሉ ከበሩ ብረት ጋር ተጣብቆ ከተደበቀ መያዣውን ወደ ክንዱ ላይኛው ጫፍ ውሰደው።

መለኪያውን ከሬዲዮው ጋር ከ1 ሜትር ባልበለጠ አጭር ኬብል አገናኝ። ሬዲዮውን ኤ.ኤም ላይ አድርግ፤ ቻናሉ ላይ ሰው አለመኖሩን አዳምጥ። ማብሪያውን ወደ «ፎርዋርድ» አድርገህ ማይኩን ተጫን፤ ሳትናገር። መርፌውን በማስተካከያው እጀታ «ሴት» ከሚለው መስመር ላይ አስቀምጠው፤ ሳትለቅ ወደ «ሪፍሌክት» ቀይርና አንብብ፤ ልቀቅ። አምስት ሰከንድ ይበቃል። ቻናል በቀየርክ ቁጥር መርፌውን «ሴት» ላይ እንደገና ማምጣት አለብህ፤ ይህን የሚዘልሉ ሰዎች የውሸት ቁጥር ይዘው ይመለሳሉ። ቻናል 1ን፣ 20ን፣ 40ን በየተራ ለካና ጻፍ።

ሬዲዮው የብዙ አገር ሥርዓት የሚያወጣ ዓይነት ከሆነ መጀመሪያ የትኛው ላይ እንዳለ እይ። የእንግሊዝ 40 ቻናል ላይ ከተቀመጠ ከ27.601 እስከ 27.991 ሜጋኸርዝ ነው የሚያወጣው፤ ያኔ ቻናል 1 የምትለው ሌላ ቻናል 1 ነው። የጓደኛህ ሬዲዮም በተመሳሳይ ሥርዓትና በተመሳሳይ ኤ.ኤም ወይም ኤፍ.ኤም ላይ ይሁን።

ማሳው ከተስተካከለ በኋላ አሁንም ቻናል 1 ከቻናል 40 በልጦ ከተገኘ አስረዝም። ከኮይሉ በላይ ያለችውን ትንሽ ቡሎን በብሩጎላ አላላ፤ ዘንጉ አሁን ያለበትን በማርከር ምልክት አድርግ፤ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ሳብ፤ አጥብቅ፤ ሦስቱንም ቻናል ለካ። ወደ ልኩ ስትቃረብ 2 እና 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ዘንጉ ኮይሉ ውስጥ ቢያንስ 1.5 ሳንቲ መቅረት አለበት፤ አለዚያ በንዝረት ተስፈንጥሮ ይወጣል። ተስቦ አልቆ አሁንም ካጠረ ረዘም ያለ ዘንግ ግዛ ወይም ከስሩ የአንቴና ስፕሪንግ ጨምር፤ ስፕሪንጉ ራሱ ርዝመት ነው። ቅርንጫፍ ሲመታውም ይታጠፍልሃል።

የምትፈልገው ቻናል 1ና ቻናል 40 እኩል ሆነው ቻናል 20 ከሁለቱም ያነሰበትን ቦታ ነው። 1.7፣ 1.3፣ 1.7 ካገኘህ ብሩጎላህን አስቀምጥ። 1.0 ካላየሁ ብሎ ቀኑን ሙሉ መታገል ዋጋ የለውም፦ 1.5 ላይ ተመልሶ የሚመጣው ኃይል 4 በመቶ፣ 2 ላይ 11 በመቶ ነው። ከሬዲዮው 4 ዋት ላይ 11 በመቶ ቢቀንስ ጓደኛህ በጆሮው አይለየውም። 3 ላይ ግን ሩቡ ይመለሳል፤ ያኔ የሬዲዮው ማውጫ ትራንዚስተር ይሞቃል፤ ስለዚህ እስክታስተካክለው ረጅም ንግግር ቀንስ። ሁለቱ ጫፍ እኩል ሆነው ሁሉም ከ2 በላይ ከቀሩ ደግሞ ርዝመቱን አትወቅሰው፤ ማሳው ወይም ቦታው ነው።

ዝቅተኛ ንባብም ሁልጊዜ ምሥራች አይደለም። ውሃ የጠጣ ኬብል ሄዶ የሚመለሰውን ኃይል በመንገድ ላይ ስለሚበላው መለኪያው 1.2 ሊያሳይህ ይችላል፤ ድምፅህ ግን ሩቅ አይደርስም። ንባቡ ጥሩ ሆኖ ጓደኛህ የማይሰማህ ከሆነ መለኪያውን ከአንቴናው ስር አስገብተህ ለካ፤ ሁለቱ ቦታ በጣም ከተለያዩ ኬብሉ ሞቷል።

የጣርማበርን ገደል ግን አንቴና ማስተካከል አያሸንፈውም። አንዳችሁ ላይ፣ አንዳችሁ ወደ ደብረ ሲና ከወረደው ጥምዝ በታች ስትሆኑ መሐል ያለው ተራራ ነው የሚዘጋችሁ። ዋሻው ውስጥም ድምፁ ቶሎ ይጠፋል። ያን ቦታ ላይ የጠፋ ድምፅ ሰምተህ ብሩጎላ እንዳታነሣ።

የባትሪው ነገር የአንቴና ጥፋት ባይሆንም ዛሬውኑ አስተካክለው። ኤንፒአርህ ሁለት ባትሪ ያለው ባለ 24 ቮልት ነው፤ ሬዲዮው 12 ቮልት። ከአንደኛው ባትሪ ብቻ ስትስብ ያኛው ይራባል፤ ዲናሞው ግን ሁለቱን በእኩል ስለሚሞላ ያልተነካው ከልክ በላይ ይሞላል፤ በመጨረሻ ሁለቱንም ትጥላለህ። ከ24 ወደ 12 ቮልት የሚያወርድ፣ ቢያንስ 5 አምፒር የሚችል ኮንቨርተር ግዛ፤ በመግቢያው ላይ ፊውዝ አስገባ። ፍሪኩዌንሲ የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለሆነ ለሁለቱም መኪና ሬዲዮ ፈቃዱን እዚያ ጠይቃችሁ ያዙ።

ርካሽ ኮንቨርተር ግን ሬዲዮው ላይ ጩኸት ያመጣል። ለመለየት ቀላል ነው፦ ሞተሩን አጥፍተህ ስኩዌልቹን (ባዶ ጩኸት የሚያፍነውን እጀታ) ሙሉ ክፈት፤ ኬብሉን ከሬዲዮው ጀርባ ንቀል። ጩኸቱ አብሮ ከጠፋ በአንቴናው በኩል ነው የሚገባው፤ ኮንቨርተሩን ከአንቴናው ኬብል አርቀው። ኬብሉ ተነቅሎም ከቀጠለ በኃይል ሽቦው በኩል ነው፤ የኮንቨርተሩን የመግቢያና የመውጫ ሽቦ ለየብቻ ፌራይት (ጩኸት የሚያፍን) ቀለበት ውስጥ አምስት ስድስት ጊዜ አዙር።